ከእናት ክንድ እስከ ባለ ሁለት አቅጣጫ መቀመጫ፤ የሕፃናት የመኪና መቀመጫ አጭር ታሪክ

አንድ መሣሪያ የሚመዘነው በተሠራበት ብረት ውፍረት ወይም በዋጋው ውድነት ሳይሆን ለተሠራለት ሰው በሚሰጠው አገልግሎት መሆኑን በምሕንድስና ሙያ የተሰማሩ ሁሉ ያውቁታል። ይሁን እንጂ አውቶሞቢል ከተፈለሰፈበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሲነደፍ «ተሳፋሪ» ተብሎ የታሰበው ሙሉ ሰው ብቻ ነበር። የወንበሩ ከፍታ፣ የመሪው ርቀት፣ በኋላም የቀበቶው አጣጣል የተለካው በአዋቂ ሰው አካል ነው። በዚያው መኪና ውስጥ የሚጓዘው ሕፃን ግን ራሱን የቻለ ተሳፋሪ ሆኖ ሳይቆጠር፣ ወይ በእናቱ ጭን ላይ ወይም በኋላ ወንበር ላይ እንዳሻው ሲሆን ኖሯል።

ዛሬ ልጅ የሚወለድላቸው ብዙ ቤተሰቦች ገና ከመውለጃው ቀን በፊት መልስ የሚሹለት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከአራስነት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀጥሎም ወደ ፊት እያየ የሚገጠም፣ በባሕር ማዶ «ኮንቨርቲብል» እየተባለ የሚጠራውን ባለ ሁለት አቅጣጫ መቀመጫ እንዴት መምረጥ ይገባል? የሚል ነው። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን በመቀመጫው ላይ ያለው እያንዳንዱ ማሰሪያና እያንዳንዱ ቀዳዳ የኋላ ታሪክ ስላለው፣ ያንን ታሪክ ሳያውቁ በደኅና መምረጥ አስቸጋሪ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ መካኒካዊ መሠረት

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶሞቢል በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ይህ ፍጥነት አንድ አካል ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። መኪናው ከግንብ ጋር ተጋጭቶ፣ አፍንጫው እየተጨማደደ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቆመ ቢባል፣ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ የሚቀበለው አማካይ የፍጥነት መቀነስ ከመሬት ስበት 16 ጊዜ የሚበልጥ ይሆናል። ስለዚህ 8 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሕፃን በእጇ የያዘች እናት በዚያች ቅጽበት ከክንዷ እንዳያመልጥ ለማድረግ 130 ኪሎ ግራም ያህል ክብደትን የሚሸከም ኃይል ያስፈልጋታል። ይህም አማካዩ እንጂ ከፍተኛው አይደለም። ግጭቱ የሚፈጸመው ከዓይን ጥቅሻ በማይበልጥ ጊዜ በመሆኑ፣ እናቲቱ ጉልበቱ እንኳ ቢኖራት የምታዝበት ፋታ አይኖራትም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ያልታሰረ ሕፃን መኪናው በመጨማደድ የሚያገኘውን የ60 ሴንቲ ሜትር የመቆሚያ ርቀት አያገኝም። መኪናው ሲቆም እርሱ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥልና የሚቆመው ከዳሽቦርዱ ወይም ከመስተዋቱ ጋር ሲጋጭ፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ነው። የመቆሚያው ርቀት ባጠረ መጠን ኃይሉ ይበዛል። እናቲቱም ራሷ ያልታሰረች ከሆነ የእርሷ ክብደት ተጨምሮ ልጁን በራሷና በመኪናው አካል መካከል ትጨፈልቀዋለች። በፍቅር የተዘረጋ ክንድ በመካኒክስ ሕግ ፊት ጋሻ ሊሆን አይችልም።

የሕፃን አካል የአዋቂ አካል ትንሽ ግልባጭ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የአራስ ልጅ ራስ ከጠቅላላ ቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ሲሆን፣ የአዋቂ ግን ከሰባት ወይም ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው። ይህን ከባድ ራስ የተሸከመው አንገት ደግሞ አጥንቶቹ ገና ያልጠነከሩ፣ ከፊላቸው ለጋ አጥንት የሆኑ፣ ጅማቶቹም የሚለጠጡ ናቸው። በፊት ለፊት ግጭት ጊዜ ደረቱ በቀበቶ ተይዞ ራሱ ወደ ፊት ቢወረወር፣ አንገቱ ተለጥጦ ሕብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። ሕፃን ወደ ኋላ እያየ ይቀመጥ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ካዞረ ኃይሉ በራሱ፣ በአንገቱና በጀርባው ሁሉ ላይ በአንድነት ተከፋፍሎ ስለሚያርፍ፣ ራስና ደረት አይለያዩም። ይህን ቀላል የሚመስል እውነት ለመረዳትና ወደ ሥራ ለመለወጥ ግን ረጅም ዘመን ፈጅቷል።

ማስቀመጥ እንጂ መጠበቅ ያልታሰበበት ዘመን

በ1930ዎቹ በአሜሪካ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ የሕፃናት የመኪና መቀመጫዎች ስለ ግጭት ያሰቡ አልነበሩም። በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት የነበረው የባኒ ቤር ኩባንያ በ1933 ገደማ ያወጣው መቀመጫ ልጁን ከፍ አድርጎ በመስኮት እንዲያይ፣ ወላጁም እየነዳ ልጁን እንዲቆጣጠር የተሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ በተከታተሉት ዓመታት ከሸራና ከብረት ዘንግ የተሠሩ፣ በፊት ወንበር መደገፊያ ላይ በሜንጦ የሚንጠለጠሉ መቀመጫዎች ተስፋፉ። አንዳንዶቹ ልጁ እንዲጫወትበት ትንሽ የአሻንጉሊት መሪ ተገጥሞላቸው ነበር።

እነዚህን መቀመጫዎች በዛሬ ዓይን ማሾፊያ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሆኖም ፍትሐዊ አይደለም። ሠሪዎቹ የተጠየቁትን ጥያቄ መልሰዋል። የተጠየቁትም «ልጁ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ምን እናድርግ?» የሚለውን ነበር። ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም መለወጡ አይቀርም። ጥያቄውን የለወጡትም መኪና ሠሪዎች ሳይሆኑ በአየር ኃይልና በሕክምና መስክ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ከአውሮፕላን የመጣ ትምህርት

ሂው ዴ ሄቨን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፕላን ሥልጠና ላይ ከደረሰበት ከባድ አደጋ ተርፎ፣ ሰው ከምን የተነሣ እንደሚሞትና ከምን የተነሣ እንደሚድን ሲመረምር የኖረ አሜሪካዊ ነበር። በ1942 ባሳተመው ጥናት ከ15 እስከ 46 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ወድቀው በሕይወት የተረፉ ሰዎችን ሁኔታ ተንትኖ፣ የሰው አካል ኃይሉ በሰፊ ገጽታ ላይ ከተከፋፈለለትና የመቆሚያ ርቀት ካገኘ እጅግ ከባድ ግጭትን ሊቋቋም እንደሚችል አሳየ። በኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ምርምር የተሳፋሪን ነገር ከዕቃ አስተሻሸግ ጋር አነጻጸረው። ተሰባሪ ዕቃ የሚላክበት ሣጥን ራሱ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ዕቃው በሣጥኑ ውስጥ መንከላወስ የለበትም፤ የሣጥኑም የውስጥ ግድግዳ ለስላሳ መሆን ይገባዋል። ዛሬ የምናያቸው የሕፃናት መቀመጫዎች ሁሉ የዚህ አሳብ ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ሰው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ጆን ፖል ስታፕ ነው። ስታፕ በሐዲድ ላይ በሮኬት በሚገፋ ተንሸራታች ሠረገላ ላይ ራሱን አስሮ እየተፈናጠረና በድንገት እየቆመ የሰውን አካል የመቻል ወሰን ለካ። በ1947 መጨረሻ በጀመረው ሙከራ መጀመሪያ የተቀመጠው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። በታኅሣሥ 10 ቀን 1954 ባደረገው የመጨረሻ ጉዞ ደግሞ በሰዓት 1017 ኪሎ ሜትር ከሚደርስ ፍጥነት በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆሞ፣ ከመሬት ስበት 46 ጊዜ የሚበልጥ ጫና ተቀብሎ በሕይወት ወጣ። ከሥራው የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር። በሚገባ የታሰረ ሰው ብዙ ይችላል፤ ጀርባውን ለግጭቱ የሰጠ ደግሞ የበለጠ ይችላል።

ሦስተኛው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው። ቦሊን በሳብ ኩባንያ የአውሮፕላን አብራሪዎች ማምለጫ ወንበር ሲነድፍ ቆይቶ ወደ ቮልቮ ተዛወረና በ1959 ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶን አስገኘ። ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ለሌሎች መኪና ሠሪዎች ክፍት አደረገው። ይህ ቀበቶ ለአዋቂው ታላቅ ጸጋ ነበር። ለሕፃኑ ግን አልሆነም፤ ምክንያቱም ቀበቶው ሊያርፍባቸው የሚገባቸው የዳሌና የትከሻ አጥንቶች በሕፃን ላይ ገና ትናንሽና ለጋ ናቸው። ለአዋቂው መፍትሔ ሲገኝ ልጁ ወደ ኋላ ቀረ።

የ1960ዎቹ ጀማሪዎች

በ1962 ሁለት ሰዎች፣ አንዷ በእንግሊዝ አንዱ በአሜሪካ፣ በየፊናቸው ግጭትን አስበው የሠሩት መቀመጫ ይጠቀስላቸዋል። ጂን ኤምስ ልጁን በላቲኑ «ዋይ» ፊደል ቅርጽ ባለው ማሰሪያ የሚይዝ መቀመጫ ስታቀርብ፣ የኮሎራዶው ሌናርድ ሪቭኪን ደግሞ በብረት ክፈፍ የተጠናከረ መቀመጫ ሠራ። የኋላዎቹ ሁሉ የእነዚህ ሁለት መንገዶች ዘመዶች ናቸው።

በስዊድን ደግሞ በሕክምና የሠለጠነው፣ በኋላም በቻልመርስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የሆነው ቤርቲል አልድማን ሌላ መንገድ ተከተለ። ለጄሚናይ የጠፈር ጉዞ የተዘጋጁት ጠፈርተኞች የሚፈናጠሩበትን ኃይል በጀርባቸው እንዲቀበሉ ተደርጎ የተሠራላቸውን መቀመጫ ተመልክቶ፣ አሳቡን ወደ ሕፃን አዞረው። ጠፈርተኛውን የሚጠብቀው ሥርዓት ሕፃኑን የማይጠብቅበት ምን ምክንያት አለ? በ1964 ወደ ኋላ የሚያየው የመጀመሪያ አምሳያ መቀመጫ በቮልቮ መኪና ውስጥ ተፈተነ። ፋብሪካው በ1967 የፊት ተሳፋሪውን ወንበር አዙሮ ሕፃን ወደ ኋላ እያየ እንዲቀመጥ የሚያስችል ተጨማሪ መሣሪያ፣ በ1972 ራሱን የቻለ መቀመጫ፣ በ1978 ደግሞ ከፍ ላሉት ልጆች ቀበቶው በትክክለኛው ቦታ እንዲያርፍ የሚያነሣ ትራስ አወጣ። በስዊድን ልጆችን እስከ አራት ዓመት ድረስ ወደ ኋላ እያዩ የማስቀመጥ ልማድ የሰደደው ከዚህ ሥራ የተነሣ ነው።

በአሜሪካም ታላላቆቹ ፋብሪካዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ፎርድ በ1968 «ቶት ጋርድ» የተባለውን፣ በልጁ ፊት ለስላሳ ጋሻ ያለውን መቀመጫ፣ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ላቭ ሲት» የተባለውን ወደ ኋላ የሚያይ የአራስ ልጅ መቀመጫ ለገበያ አቀረቡ።

ደረጃ ማውጣትና ደረጃን መፈተን

መልካም መቀመጫ መኖሩ መጥፎው እንዳይሸጥ አያግድም። ስለሆነም የአሜሪካ መንግሥት «ቁጥር 213» ተብሎ የሚታወቀውን የሕፃናት መቀመጫ ደረጃ በ1971 በሥራ ላይ አዋለ። ደረጃው መቀመጫው በመኪናው ቀበቶ እንዲታሰርና ልጁን በማሰሪያ እንዲይዝ አስገደደ። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። የሚጠይቀው በዝግታ የሚደረግ የመጎተት ፈተና እንጂ የግጭት ፈተና አልነበረም። ውጤቱም ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1972 የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት «ኮንሲውመር ሪፖርትስ» የመንግሥቱን ደረጃ ያሟሉ መቀመጫዎችን በግጭት ሲፈትን አብዛኞቹ ልጁን ለመጠበቅ የማይችሉ ሆነው ተገኙ።

በዝግታ ሲጎተት የሚችል ማያያዣ በቅጽበት ሲመታ ሊሰበር እንደሚችል ለማንም መሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ይህ እውቀት ወደ ሕግ ለመግባት አሥር ዓመት ፈጀበት። የተሻሻለው ደረጃ ከጥር 1 ቀን 1981 ጀምሮ እያንዳንዱ ዓይነት መቀመጫ የሰው አምሳያ ተቀምጦበት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት በተንሸራታች ሠረገላ ላይ እንዲፈተን አዘዘ። የአምሳያው ራስ ወደ ፊት የሚሄድበት ርቀት እንኳ ተወሰነ። በኋላ በተጨመረው ማሻሻያ መሠረት የመቀመጫው አናት በላይኛው ማሰሪያ ከመኪናው ጋር ሲያያዝ ከ720 ሚሊ ሜትር፣ ሳይያያዝ ደግሞ ከ813 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ሆነ። አንዲት ማሰሪያ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ታመጣለች ማለት ነው፤ ከፊት ባለው ወንበር ጀርባና በልጁ ግንባር መካከል ደግሞ 9 ሴንቲ ሜትር የሕይወትና የሞት ርቀት ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓም በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 44 በዚያው በ1981 ጸና። ይህ ደንብ መቀመጫዎችን በልጁ ክብደት ይመድብ ነበር። በ2013 የመጣው ደንብ ቁጥር 129 ደግሞ በቁመት መመደብን፣ የጎን ግጭት ፈተናንና ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ድረስ ወደ ኋላ እያየ መቀመጥን አስገዳጅ አደረገ።

የቴነሲው ሐኪምና የክንዱ ክርክር

ደረጃ የሚያዘው ሠሪውን ነው፤ ወላጁን የሚያዝ ሕግ ግን አልነበረም። በቴነሲ ክፍለ ግዛት የራዘርፎርድ አውራጃ ጤና ጥበቃ ኃላፊ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ሮበርት ሳንደርስ ይህን ጉዳይ ወደ ምክር ቤት ወሰዱት። የመጀመሪያ ሙከራቸው ባይሳካም በ1977 ሕጉ ጸደቀ፤ ከጥር 1978 ጀምሮም ቴነሲ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በመኪና ሲጓዙ በመቀመጫ እንዲታሰሩ ያስገደደ የመጀመሪያው ክፍለ ግዛት ሆነ።

ነገር ግን ሕጉ ሲወጣ አንድ ቀዳዳ ተተወበት። ሕፃኑ በአዋቂ ሰው ክንድ ከተያዘ መቀመጫ ላያስፈልገው ይችላል የሚል አንቀጽ ገባ። የእናት ክንድ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል የሚለው እምነት ከምክር ቤት አባላትም ልብ አልወጣም ነበር። ይህን አንቀጽ የተቃወሙት ወገኖች «የሕፃን መጨፍለቂያ» የሚል ስም አወጡለት። ክርክሩ ለጥቂት ዓመታት ከቀጠለ በኋላ አንቀጹ በ1981 ተሠረዘ። እስከ 1985 ድረስም ሁሉም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን የሕፃናት መቀመጫ ሕግ አወጡ። አሸናፊው ስሌት ነበር፤ ሆኖም ስሌቱ ብቻውን አላሸነፈም፤ ስሌቱን ወደ ሰው ቋንቋ የተረጐመ፣ ደጅ ጠንቶ ያልታከተ ሰው አስፈልጎታል።

አዲስ መፍትሔ የሚያመጣው አዲስ አደጋ

በ1990ዎቹ የአየር ከረጢት በፊት ወንበር ፊት ለፊት በብዛት መገጠም ሲጀምር ማንም በቅድሚያ በበቂ ያላሰበበት አደጋ ተከሠተ። ለአዋቂ ማዳኛ የሆነው ከረጢት፣ በፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ እያየ የተቀመጠን ሕፃን መቀመጫ ጀርባ በከፍተኛ ኃይል መትቶ ሕፃናትን ገደለ። ከዚህ የተነሣ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ተለጠፉ፤ ልጆች በኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጡም በሰፊው ተነገረ። ሁለት መልካም መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲገናኙ መጥፎ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይህ ታሪክ ያስተምራል። በሥራ ላይ ያለ የአየር ከረጢት ባለበት ወንበር ላይ ሕፃንን ወደ ኋላ አዙሮ ማስቀመጥ እስከ ዛሬ ድረስ ፈጽሞ የማይገባ ነው።

ሌላው ችግር የአገጣጠም ስሕተት ነበር። የመኪናው ቀበቶ ለሰው እንጂ ለመቀመጫ ተብሎ ስላልተሠራ ብዙ ወላጆች መቀመጫውን አጥብቀው ማሰር አይችሉም ነበር። ለዚህም በአውሮፓ «አይሶፊክስ»፣ በአሜሪካ «ላች» የተባሉት፣ በመኪናው ወንበር ሥር የተበየዱ ቋሚ መያዣዎች መጡ። የአሜሪካው ከመስከረም 2002 ጀምሮ በአዲስ መኪናዎች ላይ ሙሉ በሙሉ ግዴታ ሆነ። ሆኖም መያዣዎቹ የክብደት ወሰን አላቸው። በአሜሪካው ደንብ የልጁና የመቀመጫው ክብደት ተደምሮ ከ29.5 ኪሎ ግራም ሲያልፍ ወደ መኪናው ቀበቶ መመለስ ያስፈልጋል። ይህም ሁሉ ተደርጎ በአሜሪካ መንግሥት ጥናት መሠረት ከሕፃናት መቀመጫዎች ግማሽ የሚጠጉት፣ ማለት በመቶ 46 ያህሉ፣ በተሳሳተ መንገድ ጥቅም ላይ ሲውሉ ተገኝተዋል።

ስለ አንድ የተሳሰተ ስሌት

ልጅ እስከ መቼ ወደ ኋላ እያየ ይቀመጥ? በሚለው ጥያቄ ላይ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለብዙ ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመትና 9 ኪሎ ግራም እስኪሞላው ይል ነበር። በ2011 ይህን ወደ ሁለት ዓመት ከፍ አደረገው። ለዚህም ከደገፉት ማስረጃዎች አንዱ በ2007 የታተመ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወደ ኋላ ሲያዩ እጅግ የተሻለ ጥበቃ እንደሚያገኙ የገለጸ የስታቲስቲክስ ጥናት ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ውጤቱን እንደገና ሊያገኙት አልቻሉም። በናሙናዎቹ አመዛዘን ላይ ስሕተት መኖሩ ስለ ታወቀ ጥናቱ ተሠረዘ። በ2018 በታተመው አዲስ ስሌት የተጎዱት ልጆች ቁጥር በጣም ጥቂት በመሆኑ፣ የአሜሪካው የመንገድ ማስረጃ ብቻውን ነገሩን ሊወስን እንደማይችል ተገለጸ።

ይህ ሲሆን ወደ ኋላ ማየት ተሻረ ማለት ነውን? አይደለም። የላቦራቶሪው ፈተና፣ የአካሉ መካኒክስና የስዊድን የረጅም ጊዜ ልምድ በቦታቸው አሉ። አካዳሚው በ2018 ያወጣው መመሪያ የሁለት ዓመቱን ቁጥር አንሥቶ፣ ልጁ መቀመጫው የሚፈቅደው ከፍተኛ ክብደት ወይም ቁመት እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ እያየ ይቀመጥ አለ። በጠንካራ ምክንያት ላይ የቆመ መደምደሚያ ደካማ ምሰሶ ሲወሰድበት አይወድቅም። ሕዝብ በሚታመንበት ሙያ ውስጥ የተሳሳተን ቁጥር በአደባባይ ማንሣት ሙያውን የሚያስከብር እንጂ የሚያዋርድ አይደለም። ይህ የታሪኩ ክፍል ለመሐንዲሶችም ሆነ ለሐኪሞች ከሁሉ የላቀ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም።

«ዕድሜው ረጅም» ማለት ምን ማለት ነው?

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ በአንድ ዕቃ ላይ ተጠቃሎ የሚገኘው በባለ ሁለት አቅጣጫው መቀመጫ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ገበያ ከሚገኙት ብዙዎቹ ወደ ኋላ እያዩ እስከ 18 ወይም 22 ኪሎ ግራም፣ ወደ ፊት እያዩ ደግሞ እስከ 29 ኪሎ ግራም ድረስ ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ገዢ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም። መቀመጫው ረጅም ዕድሜ አለው የሚባለው በመጀመሪያው ቀንም በመጨረሻው ቀንም ልጁን በልኩ የሚይዝ ሲሆን ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚመረመረው ዝቅተኛው የትከሻ ማሰሪያ ቀዳዳ ነው። ልጅ ወደ ኋላ ሲያይ ማሰሪያው ከትከሻው ጋር እኩል ወይም ከትከሻው በታች ሊወጣ ይገባዋል። የአራስ ልጅ ትከሻ በጣም ዝቅ ያለ በመሆኑ ትልቅነቱ የተወደሰለት መቀመጫ ለአራሱ ላይሆን ይችላል። መቀመጫው በበቂ የሚጋደም መሆኑም ይታያል፤ አለበለዚያ የሕፃኑ ከባድ ራስ ወደ ደረቱ ወድቆ የአየር መተላለፊያውን ሊያጠብ ይችላል። ለኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ከክብደት ይልቅ ቁመት ቀድሞ እንደሚያልቅ መታወስ አለበት። ወደ ኋላ በሚያይበት ጊዜ የልጁ አናት በአብዛኞቹ መቀመጫዎች ከቅርፊቱ ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ስላለበት፣ ረጅም ቅርፊት ያለው መቀመጫ በሥራ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። ወደ ፊት ሲዞር የማሰሪያው ነገር ይገለበጣል፤ ከትከሻው ጋር እኩል ወይም ከትከሻው በላይ ይወጣል፤ የላይኛው ማሰሪያም ያለ ምንም ምክንያት መተው የለበትም።

ዕድሜ ሲባል የቁሱም ዕድሜ አለ። የመቀመጫው አካል በአብዛኛው ፕላስቲክ በመሆኑ፣ በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ቀስ በቀስ ይደክማል። ሠሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የአገልግሎት ዘመን ወስነው በመቀመጫው ላይ ያትማሉ። ለሁለት ልጆች በተከታታይ እንዲያገለግል የሚፈልግ ቤተሰብ ከዋጋው በፊት ይህን ቀን ይመልከት። ከባድ ወይም መካከለኛ ግጭት ያየ መቀመጫ ስንጥቅ ባይታይበትም ይወገዳል፤ ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ መቀመጫ መግዛትም የማይመከረው ለዚሁ ነው። በመጨረሻም ውዱ መቀመጫ በላላ ሁኔታ ከታሰረ፣ በሚገባ ከታሰረው ርካሽ መቀመጫ ያንሳል። መቀመጫው በመኪናው ቀበቶ በሚያልፍበት ቦታ ተይዞ ሲነቀነቅ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በራሱ መኪና ውስጥ ገጥሞ መሞከር ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስተምራል።

የልፋቱ ፍሬ በቁጥር ሲታይ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ግምት እንደሚያመለክተው በቤት መኪና ውስጥ በሚገባ ጥቅም ላይ የዋለ መቀመጫ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የመሞት አደጋን በመቶ 71፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለውን ደግሞ በመቶ 54 ይቀንሳል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ የሩቅ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ብዙዎቹ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የልጁ መቀመጫ በመኪናቸው መኖሩን ይጠየቃሉ። በአዲስ አበባ ግን ሕፃን በእናቱ ጭን ተቀምጦ በታክሲም ሆነ በቤት መኪና ሲጓዝ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ቴነሲ እስከ 1981 ድረስ በሕግ የፈቀደውን ልማድ በማንም ላይ እንደ ነውር መቁጠር አይገባም። ደግሞም አሳቡ ራሱ ለኢትዮጵያዊት እናት እንግዳ አይደለም። ልጇን በአንቀልባ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ልጁን በእጇ አንጠልጥላ አትሄድም፤ ከጀርባዋ ጋር አጥብቃ አስራ ከራሷ አካል ጋር አንድ ታደርገዋለች እንጂ። እርሷ ስትንቀሳቀስ ይንቀሳቀሳል፤ እርሷ ስትቆም ይቆማል። ዴ ሄቨን በጥናት፣ አልድማን በፈተና የደረሱበት መሠረታዊ ሕግ ይኸው ነው። በእግር ጉዞ የሚሸከመው አካል የእናት ጀርባ ነበር፤ በመኪና ጉዞ የሚሸከመው አካል መኪናው ነው። ስለዚህ ልጁ መታሰር ያለበት ከሚሸከመው አካል ጋር ነው።